«ኢትዮጵያውያን ዘፋኞች» በወርቅ ከተማ፦ የባላራት ንግድና መዝናኛ እንዴት ይሠራ ነበር?

የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን ስካን አድርጎ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል። ድረ ገጹ ትሮቭ ይባላል። ሜልበርን ያለ ሐበሻ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ «ኢትዮጵያን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ቢፈልግበት፣ በ1850ዎቹ የታተሙ የመዝናኛ ማስታወቂያዎች ይዘረገፉለታል። «ኢትዮጵያውያን ዘፋኞች» ይላሉ። «የኢትዮጵያ ዜማዎች» ይላሉ። ዝግጅቱ የሚቀርበው ደግሞ በወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር ነው።

ልብ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ እዚያ ምን እንሠራ ነበር?

አልነበርንም። ዘፋኞቹ ነጮች ናቸው። ስማችንን ይዘው እንዴት መድረክ ላይ እንደወጡ ለመረዳት ግን መጀመሪያ የወርቅ ከተማ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው በምን ይተዳደር ነበር? የት ይጠጣ ነበር? ገንዘቡ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ይሄድ ነበር? ባላራት የምትባለውን ከተማ ይዤ ላስረዳ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባላራት የት ናት? «የቪክቶሪያ ዘመን» ሲባልስ?

ባላራት ከሜልበርን በስተምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሐበሻ ከሚበዛበት ፉትስክሬይ ባቡር ከያዙ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

«የቪክቶሪያ ዘመን» የሚባለው ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን የገዛችበት ጊዜ ነው፤ ከ1837 እስከ 1901። አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈውላት መልሱ የዘገየባቸው ያችው ንግሥት ናት። ባላራት ያለችበት ግዛትም በስሟ ቪክቶሪያ ተብሏል። በሐምሌ 1851 ራሱን የቻለ ቅኝ ግዛት ሆነ፤ በቀጣዩ ወር ባላራት ላይ ወርቅ ተገኘ።

ቅኝ ግዛት ሲባል እዚህ ጋ የሰፋሪዎች ማለት ነው። እንግሊዞች መጥተው ገዝተው የሚመለሱበት ሳይሆን መሬቱን ይዘው የቀሩበት። መሬቱ የዋዳውሩንግ ሕዝብ ነበር። ከወርቁ በፊት በግ አርቢዎች ወስደውባቸዋል፤ ወርቁ ሲመጣ የቀረውም ተቆፈረ። ሆኖም አልጠፉም። በወርቅ ሰፈሩ ገበያ ውስጥም ነበሩ። ከፖሰም ቆዳ የሚሰፉት ካባ በብርድ ለሚንቀጠቀጠው ቆፋሪ ትልቅ ነገር ስለነበር ይሸጡለት ነበር። መንገድም ይመሩ ነበር።

ወርቅ ቆፋሪ ሀብታም አልነበረም እንዴ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ በአንድ ቀን ሀብታም ሆኗል፤ እውነት ነው። በ1858 ቤከሪ ሂል በሚባለው ኮረብታ 22 ሰዎች ያሉበት ቡድን 69 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አንድ የወርቅ ድንጋይ አውጥቷል። እንዲህ ያለ ወሬ ነው ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከአሜሪካና ከቻይና ሰዉን ያጎረፈው።

የባላራት ወርቅ ግን ጠባዩ ከባድ ነበር። መጀመሪያ ላይ ከላይ ይለቀም የነበረው ቶሎ አለቀ። የቀረው ከጥንት ጀምሮ በጭቃና በድንጋይ የተቀበረ የወንዝ አልጋ ውስጥ ነበር። ወንዙ ከመሬት በታች በየት በኩል እንደሚታጠፍ የሚያውቅ የለም። ሰዎች ተቧድነው 30፣ 40፣ አንዳንዴም 50 ሜትር ይቆፍራሉ። ጉድጓዱ እንዳይደረመስ በእንጨት ይደግፉታል፤ ውኃውን በባልዲ ያወጣሉ። ወራት ይፈጃል። መጨረሻ ላይ ወንዙን ከሳቱት ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ጎረቤታቸው አሥር እርምጃ ርቆ ወርቅ ያፍሳል።

በዚህ ላይ ፈቃድ አለ። ቆፋሪው ወርቅ አገኘም አላገኘም ለመንግሥት ይከፍላል፤ መጀመሪያ ላይ በየወሩ 30 ሽልንግ ነበር። 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነው። ገና ሳትሸጥ ግብር ክፈል እንደማለት ነው። ወረቀቱን ያልያዘውን ፖሊስ እያሳደደ ያስራል። ይህ ምሬት ነው በኅዳርና በታኅሣሥ 1854 ወደ ዩሪካ አመፅ ያመራው። እሑድ ታኅሣሥ 3 ጎሕ ሲቀድ ወታደሮች የቆፋሪዎቹን ምሽግ ወረሩ፤ ከ20 በላይ ቆፋሪዎች ሞቱ። (ለጊዜው መለኪያ እንዲሆን፣ ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው።) በቀጣዩ ዓመት ወርኃዊው ፈቃድ ቀርቶ በዓመት አንድ ፓውንድ ሆነ።

ታዲያ ቆፋሪው ያን ሁሉ ወር ምን በልቶ ይኖር ነበር?

በዱቤ።

የባላራት ነገር የሚገባው ይህችን አንዲት ቃል ሲይዙ ነው። ባለ ሱቁ ለቆፋሪው ቡድን ዱቄት፣ ሻይ፣ ስኳር፣ የበግ ሥጋ፣ ሻማና ገመድ ያቀርባል። ክፍያው ወርቁ ሲወጣ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ባለ ሱቁ ወይም ባለ መጠጥ ቤቱ ሌላ ውል ይጨምራል፦ «እኔ እናንተን ላብላ፤ ከምታገኙት ድርሻ ስጡኝ»። አካፋ ሳይነካ ባለ ድርሻ ሆነ ማለት ነው። አስተዋይ ነጋዴ በአንድ ጉድጓድ ላይ ብቻ አይወራረድም፤ አምስት ስድስት ጉድጓድ ላይ ያከፋፍለዋል። አራቱ ባዶ ቢሆኑ አንዱ ይክሰዋል። ቆፋሪው ግን ያለው አንድ ጉድጓድና አንድ ጀርባ ነው።

ስለዚህ በወርቅ ከተማ የተረጋጋ ገቢ የነበረው ቆፋሪውን የሚቀልበው፣ የሚያለብሰውና የሚያጓጉዘው ሰው ነው። አንጥረኛው የደነዘዘ ዶማ ሲስል ይውላል፤ ዶማ ደግሞ በየቀኑ ይደነዝዛል። ድንኳን ሰፊ አለ። ዳቦ ጋጋሪ አለ። እንጨት ቆራጭ አለ፤ ጉድጓዱ ሁሉ በእንጨት ስለሚደገፍ በዙሪያው ያለው ጫካ ተመነጠረ። ባቡር በ1862 እስኪገባ ድረስ ዕቃው ሁሉ ከወደቡ የሚመጣው በበሬና በፈረስ ጋሪ ነው። ክረምት ሲሆን ጋሪው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ያኔ የዱቄት ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ሰውና ፖስታ የሚያመላልሰው በአሜሪካኖች የተቋቋመው ኮብ እና ኩባንያው ነበር። የሠረገላው አካል የተንጠለጠለው በወፍራም የቆዳ ቀበቶ ላይ ስለነበር በጎርባጣው መንገድ ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይሰበርም።

ሴቶችም በዚህ ንግድ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበራቸው። ልብስ ያጥባሉ፤ ማደሪያና ምግብ ያከራያሉ፤ ሱቅ ይይዛሉ። የ«ባላራት ታይምስ» አዘጋጅ ሄንሪ ሲካምፕ ከአመፁ በኋላ ሕዝብን በመንግሥት ላይ የሚያሳድም ጽሑፍ አውጥተሃል ተብሎ ሲታሰር ጋዜጣውን ያስቀጠለችው ባለቤቱ ክላራ ናት።

መጠጥስ?

እስከ 1854 ድረስ በወርቅ ሰፈሮቹ መጠጥ መሸጥ ክልክል ነበር። ክልክል ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ከፊት ሎሚናት የሚሸጥበት ድንኳን ከኋላው አረቄ አለው። ሁሉም ያውቃል። ፖሊስም ያውቃል። አረቄ ሻጭ ሲያዝ ከሚጣልበት ቅጣት ለያዘው ፖሊስ ድርሻ ይሰጥ ስለነበር ጉቦውም ጥቆማውም በዛ። በሕዝቡና በፖሊሱ መካከል የነበረውን መተማመን ከፈቃዱ ባልተናነሰ ያበላሸው ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ መንግሥት ሐሳቡን ለወጠና ለሆቴሎች የመጠጥ ፈቃድ መስጠት ጀመረ። ሆቴል ሲባል አልጋ ብቻ አይደለም፤ መጠጥ ቤትም፣ መሰብሰቢያም፣ ወሬ መለዋወጫም ነው። የአመፁ እሳት የተለኮሰውም ከሆቴል ነው። በጥቅምት 1854 ጄምስ ስኮቢ የተባለ ቆፋሪ ዩሪካ ሆቴል አጠገብ ተገደለ። የሆቴሉ ባለቤት ቤንትሊ ተጠርጥሮ ቀረበ፤ ዳኞቹ ግን በነፃ ለቀቁት። ሕዝቡ «ወዳጆቹ ናቸው የፈረዱለት» ብሎ ተነሣና ሆቴሉን አቃጠለ። በኋላ ቤንትሊ እንደገና ተከስሶ ተፈርዶበታል።

ቲያትር ቤቱ ከመጠጥ ቤቱ ጋር ምን አገናኘው?

አዝማሪ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አዝማሪ ቤት መግቢያ ላይ ትኬት አትቆርጥም፤ ወይም ከቆረጥክ ትንሽ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ከጠጁና ከቢራው ነው። ማሲንቆው ሰዉን ያስቀምጠዋል፤ የተቀመጠ ሰው ይጠጣል።

ባላራትም እንደዚሁ። የመጠጥ ፈቃድ ውድ ነው፤ ሆቴሉም ብዙ ነው። ሜይን ሮድ በሚባለው ጠመዝማዛ መንገድ ግራና ቀኝ ሆቴል በሆቴል ነበር። ደንበኛውን ከጎረቤት ለመንጠቅ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ አዳራሽ ይሠራል፤ ፒያኖና ዘፋኝ ያስገባል። አዳራሹ ሲያድግ ቲያትር ይሆናል። ቻርሊ ኔፒየር የሚባለው ሆቴል ቲያትር ነበረው። ቪክቶሪያ ቲያትርም ከዩናይትድ ስቴትስ ሆቴል ጋር የተጎራበተ ነበር። በእረፍት ሰዓት ተመልካቹ በአንድ በር ወጥቶ ባንኮኒው ላይ ነው። ስለዚህ የድሮ ማስታወቂያ ስታነብ ቲያትሩንና መጠጥ ቤቱን እንደ ሁለት ቤት አትያቸው፤ የአንድ ነጋዴ ሁለት ኪሶች ናቸው።

ለዘፋኞቹም ጥሩ ገበያ ነበር። ቻርልስ ታቸር የተባለ እንግሊዛዊ ወርቅ ሊቆፍር መጥቶ ዘፈኑ የተሻለ እንደሚያበላው ገባው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዜማ ይወስድና አዲስ ግጥም ይገጥምበታል። ፖሊሱን፣ ፈቃዱን፣ ከመርከብ ትናንት ወርዶ ዶማ መያዝ የማያውቀውን አዲስ መጤ፣ የሰፈሩን የዕለት ወሬ እየነካ ይዘፍናል። አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። «ተቀበል!» የሚለው ሰው ብቻ ነው የቀረው። ቆፋሪዎች የወደዱትን ተዋናይ በወርቅ ድንጋይ ይሸልሙ እንደነበር ይነገራል፤ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ለምናውቅ ሰዎች እንግዳ አይሆንብንም።

የባላራትን መድረክ በጣም ያስወራችው ሎላ ሞንቴዝ ናት። ስሟ የስፔን ይመስላል፤ ትውልዷ አየርላንድ ነው። የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ በእሷ ፍቅር ምክንያት ስሙ ጠፍቶ በ1848 ዙፋኑን ለቋል። በየካቲት 1856 ባላራት መጣችና «የሸረሪት ዳንስ» የሚባለውን ጭፈራዋን አሳየች፤ ሸረሪት ቀሚሷ ውስጥ የገባ አስመስላ እያራገፈች የምትጨፍረው ነው። ቅድም ያነሣነው ሲካምፕ፣ ከእስር ወጥቶ ወደ ጋዜጣው ተመልሶ ነበርና፣ ምግባሯን የሚነካ ነገር ጻፈባት። ዩናይትድ ስቴትስ ሆቴል ውስጥ ስታገኘው በአለንጋ ገረፈችው። እሱም በያዘው አለንጋ መለሰላት። ሰዎች ገላገሏቸው። ይህን እንደ ተራ ቅሌት ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን አንዲት ሴት በራሷ ስምና በራሷ ገንዘብ ከምትሠራባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ መድረክ በነበረበት ዘመን፣ ስሟ ሲነካ እንጀራዋ እንደተነካ እረዳለሁ።

«ኢትዮጵያውያን ዘፋኞቹ» እነማን ነበሩ?

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ።

በ1840ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ዓይነት ትርዒት ገነነ። ነጭ ወንዶች ቡሽ አቃጥለው ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ባንጆና ከበሮ ይይዛሉ። በባርነት ያሉትን ጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር፣ አረማመድና ዘፈን እያጋነኑ ያሾፉበታል። ሚንስትረል ይባላል። ከእነዚህ ቡድኖች አንዱ «ኢትዮጵያውያን ዘፋኞች» ብሎ ራሱን ሰይሞ በ1846 እንግሊዝ ሄደ፤ በጣም ተወደደ። ሌሎቹም ተከትለው ስሙን ወሰዱት።

ለምን «ኢትዮጵያ»? ቃሉ በጥንት ግሪኮች ዘንድ ፊቱ የጠቆረ ሰው ማለት ነበር። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስም በዚያው መልክ ስለገባ፣ በዘመኑ እንግሊዝኛ ማንኛውንም ጥቁር ሰው «ኢትዮጵያን» ማለት የተለመደ ነበር። አገራችንን አስበው አይደለም። ብዙዎቹ አገሪቱ የት እንዳለችም ግድ አልነበራቸውም። ቃሉ ለማስታወቂያ ሲውል «እንግዳ፣ ሩቅ፣ የሚያስቅ» የሚል ሽታ ነበረው። ቢራ የሚያሻሽጥ ምልክት ነው።

ወርቁ ሲገኝ ትርዒቱ በመርከብ አውስትራሊያ ደረሰ። ለሆቴል ባለቤት ይመቸዋል፦ አራት አምስት ሰው፣ ጥቂት መሣሪያ፣ ቡሽ። የመድረክ ዕቃ አይፈልግም፣ በጋሪ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል። ለዚህ ነው ማስታወቂያው እንዲያ የበዛው።

ስሙን ስናየው የሚሰማን ደስታ ወደ ሐዘን ሲቀየር ይገባኛል። እኔንም ሆዴን ቆርጦኛል። ከሁሉ የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። የሚሾፍባቸው ሰዎች በወቅቱ አሜሪካ ውስጥ ይሸጡና ይለወጡ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ የሚስቀው ቆፋሪ ደግሞ ራሱ በፈቃድና በፖሊስ የተማረረ ድሃ ነው። በ1886 ግን ፊስክ ጁቢሊ የሚባሉት እውነተኛ ጥቁር አሜሪካውያን መዘምራን አውስትራሊያ መጥተው በየከተማው ዞሩ። አንዳንዶቹ የባርነት ዘመንን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። ቡሽ አልተቀቡም። መዝሙራቸውን በክብር ቆመው ዘመሩ፤ አዳራሹም ሞላ።

ቻይናውያኑስ?

ከቻይና ብዙ ሺህ ሰው መጥቷል። የቪክቶሪያ መንግሥት በ1855 በመርከብ በሚመጣ በእያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ ጣለ። እነሱም ጎረቤት ግዛት፣ ሮብ የሚባል ወደብ ላይ ወርደው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጓዙ። ባላራት ሲደርሱ ለብቻቸው በተከለለ ሰፈር እንዲኖሩ ተደረገ። ሌላው የጣለውን ጭቃ እንደገና አጥበው ወርቅ ያገኙበታል፤ ይህም ጥላቻ አተረፈላቸው። የራሳቸው መድኃኒት ሻጭ፣ ምግብ ቤትና የጸሎት ቤት ነበራቸው። የቻይና ኦፔራ ቡድኖችም በድንኳን እየተዘዋወሩ ይጫወቱላቸው ነበር። ወርቁ ሲያልቅ ብዙዎች አትክልት ወደ ማልማት ዞሩ። ትናንት የተሰደቡት ሰዎች ጎመንና ካሮት ይዘው በየበሩ የሚጠበቁ ሆኑ።

ከተማዋ መቼ ተለወጠች?

ጉድጓዱ ጠልቆ የእንፋሎት ሞተር ካልሆነ በቀር አልቻል ሲል ነው። ከ1850ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቁፋሮው ወደ ኩባንያ ዞረ። ቆፋሪው ደመወዝተኛ ሆነ፤ አክሲዮን ደግሞ ስተርት ጎዳና ላይ «ማዕዘኑ» በሚባለው ቦታ፣ ዩኒኮርን ሆቴል ደጃፍ፣ በጩኸት ይሸጥ ጀመር። አሁንም ሆቴል!

ደመወዝ ያለው ሰው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ቅዳሜ የሚከፈለውን ያውቃል፤ ሚስት ያገባል፤ ቤት ይሠራል። መዝናኛውም ተከተለው። እሳት ደጋግሞ የበላው የሜይን ሮድ የእንጨትና የሸራ ሰፈር ቀዘቀዘ፤ ላይኛው ባላራት በድንጋይና በጡብ ተገነባ። ቤተ መጻሕፍትና የትምህርት አዳራሽ ያለው የሠራተኞች ተቋም ተሠራ። ረግረጉ ተስተካክሎ ሐይቅ ሆነና ጀልባ ይቀዘፍበት ጀመር። የዶማ ስለት ያወጣ የነበረው የብረት ሥራም አደገ፤ ፊኒክስ ፋብሪካ በ1873 የመጀመሪያውን የባቡር ሞተር ሠርቶ አስረከበ፤ በኋላ ከ350 በላይ ሠርቷል። በ1875 የተከፈተው «የሙዚቃ አካዳሚ» የተባለው ቲያትር ቤት ዛሬም ሐር ማጄስቲስ ተብሎ ይሠራል። ያኔ ወለሉ ሜዳ ነበር፤ ወንበሩ ተነሥቶ ዳንስና ግብዣ እንዲሆን።

እንግዲህ ትሮቭ ላይ ስማችንን ስትፈልጉ እንዴት ታውቃላችሁ?

ቃሉ ያለበትን ዓምድ እዩ። «መዝናኛ» በሚለው ርዕስ ሥር «ኢትዮጵያን» ካለ፣ ቡሽ የተቀቡት ናቸው። እኛን በእውነት ለማግኘት «አቢሲኒያ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ጋዜጦቹ አገራችንን የሚጠሯት በዚያ ስም ነበር። ዓመቱን 1868 አድርጉ። የመቅደላ ዜና፣ የንጉሡ መሞት፣ ሁሉም አለ። ቴዎድሮስ የሞቱት ሚያዝያ 13 ነው፤ አውስትራሊያን ከዓለም ጋር ያገናኘው ቴሌግራፍ ግን የተዘረጋው በ1872 ስለሆነ ወሬው በመርከብ ነው የመጣው። ከሚያዝያ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ካሉት ወራት ጀምሩ።